የጀልባ ፕሮፔለር ችግርና መፍትሄ፦ የካምቢዮ ዘይቱ ወተት ሲመስል

ባሕር ዳር ዳርቻ ላይ የጀልባ ሞተር ስጠግን ብዙ ዓመት ሆኖኛል። ቤንዚን መኖሩን፣ ካንዴላው መጽዳቱን፣ የቤንዚኑ ጎማ አለመታጠፉን አይታችሁ እንደመጣችሁ ልቁጠረው። እዚህ የምጽፈው ውሃ ውስጥ ስላለው ነገር ነው።

መጀመሪያ ግን ይህን ስሙኝ። ፕሮፔለር ከመንካታችሁ በፊት ሞተሩን አጥፉ፣ ቀይዋን የማጥፊያ ገመድ ንቀሉ፣ የካንዴላ ኮፍያዎቹንም አውልቁ። "ማርሹ ዜሮ ላይ ነው" ብላችሁ እጃችሁን እንዳትሰዱ። ማርሽ ገብቶ ከሆነ ፕሮፔለሩን ማዞር ሞተሩን ማዞር ነው፤ የሞቀ ሞተር ደግሞ በትንሽ ዙር ሊነሳ ይችላል። ጣት ተመልሶ አይበቅልም።

ሞተሩ ይጮሃል፣ ጀልባው አይሄድም። በትንንሾቹ ሞተሮች ላይ ፕሮፔለሩን ከዘንጉ ጋር የሚያያይዘው ፒን ተቆርጧል። በትልልቆቹ ላይ ፕሮፔለሩ መሃል ያለው ጎማ ለቋል። ቀስ ሲሉ እየሄደ ጋዝ ሲሰጡት የሚንሸራተት ከሆነ ጎማው ነው። በቀስታ ወደ ዳር ተመለሱና አስቀይሩ። ፒን ስትቀይሩ ደግሞ ለሞተሩ የተሠራውን ብቻ አስገቡ። አንድ ባለጀልባ "ይሄ አይቆረጥም" ብሎ ጠንካራ ብረት አስገባበት። እውነትም አልተቆረጠም። ጨረጨራ አካባቢ ድንጋይ ሲመታ በፒኑ ፋንታ የማርሹ ጥርስ ረገፈ። ፒን የተሠራው እንዲቆረጥ ነው!

ጀልባው ይንቀጠቀጣል። የፕሮፔለሩ ክንፍ ታጥፏል ወይም ጫፉ ተሸርፏል። ግንቦትና ሰኔ ላይ ሐይቁ ሲጎድል ይበዛል። በመዶሻ አትቀጥቅጡት።

ሙሉ ጋዝ ላይ ዙሩ አይሞላም። ጣና ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ነው። አየሩ ስለሚሳሳ ሞተሩ አንድ አምስተኛ የሚጠጋ ጉልበት ያጣል። ለባሕር ጠረፍ አገር የተመረጠ ፕሮፔለር እዚህ ይከብደዋል። የክንፉ ፒች (ፕሮፔለሩ በአንድ ዙር ወደፊት የሚሄደው ርቀት) በአንድ ኢንች ሲቀንስ ዙሩ በደቂቃ 200 አካባቢ ይጨምራል።

የማቀዝቀዣው ውሃ ቆመ። ወደ ደምቢያና ፎገራ በኩል ከሆናችሁ እምቦጭ ነው። ወዲያው አጥፉና የውሃ መሳቢያውን አጽዱ።

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ። እኔ ጋ ከሚመጡት ሞተሮች ብዙዎቹ ያለባቸው ችግር በካምቢዮው ዘይት፣ ማለትም ከታች በሞተሩ እግር ውስጥ ማርሹን በሚያለሰልሰው ዘይት፣ ውሃ መግባቱ ነው፤ ባለቤቶቹ ግን "ማርሽ አልገባ አለኝ"፣ "ከታች ይንጫጫል" እያሉ ነው የሚያመጧቸው። የታችኛውን የዘይት ብሎን ስፈታው መጀመሪያ ውሃ ጠብ ጠብ ይላል። ውሃ ከዘይት ስለሚከብድ ታች ይተኛል። ቀጥሎ ወተት የመሰለ ወፍራም ዘይት ይመጣል። ዘይቱ እንዲህ ከነጣ ውሃ ገብቶበታል።

በየት ገባ? ፕሮፔለሩን አውልቁና ዘንጉ ከእግሩ የሚወጣበትን ቦታ እዩ። አብዛኛውን ጊዜ የናይለን መረብ ክር ታገኛላችሁ። ሐይቁ ላይ የተበጠሰ መረብ ይንሳፈፋል፤ ፕሮፔለሩ እየጠቀለለ ወደ ውስጥ ይስበዋል። ክሩ በፍትጊያው ሙቀት ይቀልጥና እንደ ቀለበት ይጠነክራል። ከዚያ የኦይል ሲሉን፣ ዘይቱ እንዳይወጣ ውሃውም እንዳይገባ ዘንጉን ዙሪያውን የሚይዘውን የጎማ ቀለበት፣ ከንፈር ይበላዋል። ከውጭ ምንም አይታይም።

ወደ ደቅ ደሴት የሚመላለስ አንድ ልጅ ሞተሩን አመጣልኝ። "ጋሼ፣ ዘይቱን እኮ ባለፈው ወር ነው የቀየርኩት" አለኝ። እውነቱን ነው፤ እንዲያውም በዚያ ክረምት ሦስት ጊዜ ቀይሯል። ፕሮፔለሩን ግን አንዴም አላወለቀም። አረንጓዴ ክር ነበር፤ በፒንሳ ብስበው ብስበው አያልቅም። ጫፉ ላይ የመረብ ቡሽ ቁራጭ ሳይቀር ተሸጉጦበት ነበር። ዘንጉን በእጄ ሳዞረው ኩሽኔታው አሸዋ እንደገባበት ይንኮሻኮሻል። ዝጓል። ቀደም ብሎ ቢመጣ በአንድ ኦይል ሲል ያልቅ የነበረው ኩሽኔታና ማርሽ አስገዛው። በዚያ ሞተር ደግሞ ሰው ጭኖ ሐይቁ መሃል ይገባ ነበር። ያ ነው ያበሳጨኝ።

መፍትሄው ከባድ አይደለም፤ ትዕግሥት ነው የሚፈልገው። ክሩን አንድም ሳታስቀሩ አውጡ። የድሮውን ኦይል ሲል ከማውጣታችሁ በፊት ከንፈሩ ወደየት እንደሚያይ ፎቶ አንሱ። ገልብጠው የገጠሙት ስንቱን አይቻለሁ! አዲሱን ስትገዙ ከንፈሩን በጣት ጫን በሉት። ለስላሳ ሆኖ መመለስ አለበት። ቁጥሩ አንድ ሆኖ ከንፈሩ እንደ ፕላስቲክ የደረቀ ዕቃ ገበያውን ሞልቶታል፤ በርካሽ ይሸጡላችኋል፣ ሳይቆይ ያፈሳል። ዘንጉ ላይ ጥፍር የሚይዝ ጭረት ካለ አዲስ ኦይል ሲልም አያድነውም።

ዘይት ከመሙላታችሁ በፊት የግፊት ጌጅ ባለው ፓምፕ አየር ስጡትና ሳሙና ውሃ ቀቡት። ከ10 ፒኤስአይ እንዳታሳልፉ፤ ጤነኛውንም ኦይል ሲል ልትጎዱት ትችላላችሁ። አረፋ ካልወጣ ዘይቱን ከታችኛው ቀዳዳ ግፉት፣ በላይኛው እስኪፈስ። ከላይ ከሞላችሁት አየር ይታፈንበታል። የብሎኖቹን ራንዴላ ቀይሩ፤ በአሮጌ ራንዴላ ምክንያት ብቻ ውሃ ያስገባ ሞተር አይቻለሁ። የፕሮፔለሩን ዘንግ ግራሶ ቀቡ።

ዘይቱን በየ100 ሰዓቱ ቀይሩ። ፕሮፔለሩን ግን መረብ በረገጣችሁ ቁጥር አውልቁ። ከጥገናው በኋላ ከመጀመሪያው ጉዞ ስትመለሱ ሞተሩን አሳድሩትና ጠዋት የታችኛውን ብሎን ትንሽ ላላ አድርጉት። የሚወጣው ጠብታ ውሃ ከሆነ ወይም ከነጣ፣ ለንግሥ ወደ ዘጌ የሚሄድ ሰው ዳር ላይ ቢሰለፍም እንዳትጭኑ።