የዘመናዊ ሥዕል ስብስብን የዐውደ ርእይና የኅትመት ታሪክ ለማጠናቀር

ይህ ታሪክ እያንዳንዱ ሥዕል የት የት ለእይታ እንደቀረበና በየትኞቹ ኅትመቶች እንደወጣ የሚያሳይ ዝርዝር ነው። ከመጻሕፍት በፊት የሥዕሉን ጀርባ እዩ። የተለጠፉ ወረቀቶችን፣ ማኅተሞችንና በእርሳስ የተጻፉ ቁጥሮችን በሙሉ ፎቶ አንሡ፤ ለደበዘዘ ጽሑፍ መብራቱን ከጎን አብሩ። ክፈፍ በየጊዜው ስለሚቀየር፣ ሸራው በተወጠረበት እንጨት ላይ ያለው ምልክት ይበልጥ ይታመናል።

ለእያንዳንዱ ዐውደ ርእይ ከተማውን፣ ተቋሙን፣ የመክፈቻና የመዝጊያ ቀኑን፣ በካታሎጉ (የዐውደ ርእዩን ሥራዎች በሚዘረዝረው መጽሐፍ) የተሰጠውን ቁጥር፣ ሥዕሉ ያኔ የተጠራበትን ርእስ መዝግቡ። አንድ ሠዓሊ ለብዙ ሥዕሎቹ «ቅንብር» የሚል ርእስ ሊሰጥ ይችላልና ቁመትና ወርዱን ሳታመሳክሩ አትመዝግቡ።

ዋናው ወጥመድ ከከተማ ከተማ የሚዞር ዐውደ ርእይ ነው። እ.ኤ.አ. በ1913 አርመሪ ሾው የተባለው ትልቅ የዘመናዊ ሥነ ጥበብ ዐውደ ርእይ ከኒው ዮርክ ወደ ቺካጎ፣ ከዚያም ወደ ቦስተን ሄደ። ቦስተን ላይ ግን ቦታ ስለጠበበ የአሜሪካውያኑ ሥራዎች አልቀረቡም። ሦስቱንም ከተሞች በጅምላ የጻፈ ሰው ያልታየውን ታየ ብሏል! ካታሎግ የሚናገረው የታቀደውን ነው፤ የታየውን የሚያረጋግጡት የውሰት ደረሰኝና የአዳራሹ ፎቶግራፎች ናቸው።

ለኅትመት ዓመቱን፣ ገጹንና የምስሉን ቁጥር ጻፉ፤ ምስሉ በቀለም ይሁን በጥቁርና ነጭ ለዩ። በጽሑፍ ብቻ ከተጠቀሰ «ያለ ምስል» በሉ።