«ሆዴን አመመኝ»፦ ከልጃችሁ ትምህርት ቤት ካውንስለር ሲደውል

ስልኩ የሚጮኸው ሥራ ላይ ሆናችሁ ነው። የማታውቁት ቁጥር፣ ፈጠን ያለ እንግሊዝኛ፣ መሃል ላይ የልጃችሁ ስም። ከዚያ «ካውንስለር» የምትል ቃል።

እኔ ያኔ ትዝ ያለኝ አማኑኤል የአእምሮ ሆስፒታል ነው። አዲስ አበባ ላደገ ሰው ማብራራት አያስፈልግም። ሆስፒታሉ ምን በደለ፤ ስሙን ስድብ ያደረግነው እኛ ነን። ግን የሰባት ዓመት ልጄንና የአእምሮ ጤናን አንድ ላይ ሲያነሱብኝ «ልጄ ደህና ናት፣ ታንክ ዩ» ብዬ ዘጋሁት። ተሳስቼ ነበር።

ካውንስለር የእብድ ሐኪም አይደለም። የትምህርት ቤቱ ሠራተኛ ነው፤ ከእናንተ የሚጠይቀው ክፍያ የለም። ልጅ ጓደኛ ሲያጣ፣ ሲያለቅስ፣ ክፍል አልገባም ሲል የሚያነጋግረው እሱ ነው። የሙያ ማኅበራቸው ለአንድ ካውንስለር ከ250 ተማሪ አይብለጥ ይላል፤ ብዙ ቦታ ግን ይበልጣል። ከዚያ ሁሉ ልጅ መሃል ለይቶ ለእናንተ ከደወለ አንድ ያየው ነገር አለ ማለት ነው።

ልጄን እስከ ስድስት ዓመቷ ያሳደጓት እናቴ ናቸው፣ ደብረ ብርሃን። እኔ ቀድሜ አሜሪካ፣ ሜሪላንድ መጣሁ፤ ወረቀቷ ሲያልቅ እሷ ተከተለች። «እማዬ» የምትለው እሳቸውን ነው። እኔን በስሜ ነበር የምትጠራኝ። ትምህርት በጀመረች በሁለተኛው ወር «ሆዴን አመመኝ» ማለት አመጣች። የትምህርት ቤቷ ነርስ ሙቀቷን ትለካለች፣ ውሃ ትሰጣታለች፣ ወደ ክፍል ትመልሳታለች። ሐኪም ጋ ወሰድኳት፤ ምንም የለም ተባለ።

ሁለተኛ ሲደወል ሄድኩ። ካውንስለሯ አንድ ወረቀት ጠረጴዛው ላይ አደረገች። ልጄ ነርስ ጋ የሄደችባቸው ቀናት ናቸው። ሰባት ቀን። አምስቱን በእስክሪብቶ ከባቸዋለች፤ አምስቱም ሰኞ ናቸው። «ሰኞ ምን አለ?» አለችኝ። ምንም የለም ልል ስል ቆም አልኩ። እሁድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ እናቴን በቪዲዮ እናገኛቸዋለን። ስልኩ ሲዘጋ ልጄ አታለቅስም። ጨዋ ናት። ሄዳ ሶፋው ጥግ ኩርምት ትላለች።

እኛ እኮ የሚከፋን በሆዳችን ነው። ሆዴ ባባ እንላለን፣ ሆድ ባሰኝ እንላለን፣ የማይነገረውን ደግሞ ሆድ ይፍጀው። ይህን በስልክ አስተርጓሚው በኩል ሳስረዳ ሰውዬው ራሱ «እውነት ነው እኮ» ብሎ ሳቀ። ካውንስለሯ ሁሉንም ጻፈች። ቀኑ በእሷ እጅ ነበር፣ ትርጉሙ በእኔ። የእሁዱን ስልክ ወደ ቅዳሜ አዛወርነው። ሰኞ ጠዋት ደግሞ ክፍል ከመግባቷ በፊት አሥር ደቂቃ ካውንስለሯ ጋ ተቀምጣ ትስላለች፤ አብዛኛውን ጊዜ የእማዬን ዶሮዎች። ሕመሙ ወዲያው አልጠፋም። እስከ ፋሲካ ድረስ አልፎ አልፎ ይመጣ ነበር።

ካውንስለሯ ጋ በሄድኩበት በዚያው ቀን ሌላም ጉድ ሰማሁ። ልጄ «አዎ» ለማለት ትንፋሿን ወደ ውስጥ ሳብ ታደርጋለች፤ ሁላችንም እንደምናደርገው። አስተማሪዋ «ጥያቄ ስትጠየቅ ትደነግጣለች» ብላ ጽፋለች! ቅንድቧን ስታነሳ መልስ መስጠቷ ነው፤ እነሱ ግን ዝም አለች ብለዋል። ትልቅ ሰው ሲያናግራት አቀርቅራ መስማቷንም በራስ አለመተማመን ነው ብለውታል። እኛ ቤት ትልቅ ሰው ላይ የሚያፈጥ ልጅ ነው የሚመከረው። እናንተ ካልነገራችኋቸው ከየት ያውቁታል?

ሁሉንም ነገር ግን «ባህላችን ነው» ብላችሁ አትለፉት። አዲስ ቋንቋ የሚማር ልጅ ክፍል ውስጥ ለሳምንታት፣ አንዳንዴም ለወራት ዝም ሊል ይችላል። ቤት በአማርኛ እየለፈለፈ ከሆነ ብዙም አትጨነቁ። ቤትም ዝም ካለ፣ እንቅልፍ ካጣ፣ ትቶት የነበረውን አልጋ ማርጠብ ከጀመረ፣ የሚወደውን ጨዋታ ከተወ ግን «ልጅ ነው፣ ይረሳዋል» አትበሉ። በተለይ ጦርነት ወይም የስደት መንገድ ያየ ልጅ ከሆነ። ራሴን ልጉዳ ካለ ደግሞ ቀጠሮ አትጠብቁ፤ ራስን ለመጉዳት ለሚያስብ ሰው እርዳታ የሚሰጠው የስልክ መስመር 988 ላይ ደውሉ፣ አስተርጓሚ ያገናኟችኋል። ለሕይወቱ የሚያሰጋ ነገር ካለ የድንገተኛ አደጋ ቁጥሩ 911 ነው።

አስተርጓሚ ውለታ አይደለም። በ1964ቱ የሲቪል መብቶች ሕግ መሠረት ከፌዴራል መንግሥት ገንዘብ የሚያገኝ ትምህርት ቤት እንግሊዝኛ ለማይችል ወላጅ በሚገባው ቋንቋ ማስረዳት አለበት፣ ያውም በነፃ። እኛ ያለንበት ሞንጎመሪ ካውንቲ ብዙ ወረቀቶቹን በአማርኛ ያወጣል። ዋሽንግተን ዲሲም ከ2004 ጀምሮ የራሷ የቋንቋ ሕግ አላት። ስልክ ላይ «አምሃሪክ ኢንተርፕሪተር፣ ፕሊስ» ካላችሁ ይበቃል። ልጃችሁን ወይም ታላቅ ወንድሟን ግን አታስተርጉሙ። ልጅ እናቱን ላለማስከፋት ግማሹን ይውጠዋል። አስተርጓሚው የሰፈር ሰው ቢሆንስ ብላችሁ ከሰጋችሁ እውነታችሁን ነው፤ ሲልቨር ስፕሪንግ ውስጥ ወሬ ከሜትሮው ባቡር ይፈጥናል። የስልክ አስተርጓሚ ይሁንልኝ በሉ። ሰውዬው ሌላ ስቴት ሊሆን ይችላል።

ከካውንስለር ጋር ማውራትና መመርመር ለየቅል ናቸው። ልጁ ልዩ ትምህርት ያስፈልገው እንደሆነ ለማወቅ የሚደረገው ምርመራ ወላጅ በጽሑፍ ሳይፈቅድ አይጀመርም። ያልገባችሁን አትፈርሙ። «ቤት ወስጄ ላንብበው» ማለት ነውር የለውም። የልጃችሁን ፋይል ማየት ከፈለጋችሁም ጠይቁ፤ በ45 ቀን ውስጥ ማሳየት ግዴታቸው ነው።

«ልጄን ቢወስዱብኝስ?» ቡና ላይ የሚወራው ይኼ ነው። አስተማሪም ሆነ ካውንስለር ልጅ እየተጎዳ ነው ብለው ከጠረጠሩ ሪፖርት ማድረግ አለባቸው፤ ሕግ ነው፣ በይሉኝታ የሚተውት አይደለም። ቀበቶና ቁንጥጫ አገር ቤት ይቅር። ልጅ አያቷን ናፍቃ ስላለቀሰች ግን ማንም አይወስዳትም።

ጸበልና ካውንስለርም አይጣሉም። እኔ ሁለቱንም አድርጌያለሁ፣ ለካውንስለሯም ነግሬያታለሁ። ጸበልን እንግሊዝኛ ማድረጉ ላይ አስተርጓሚው ትንሽ ተቸግሮ ነበር።

ለመጀመሪያው ስብሰባ ስትሄዱ ልጁን ማን እንዳሳደገው፣ ማንን «እማዬ» እንደሚል፣ ከማን ጋር መቼ እንደተለያየ አስቀድማችሁ በአማርኛ ጻፉት። ረዘም ያለ ቀጠሮም ጠይቁ። በአስተርጓሚ ሲሆን ሁሉ ነገር ሁለት ጊዜ ስለሚነገር ግማሽ ሰዓቱ ሰላምታና ትውውቅ ላይ ያልቃል።