ስልክ ሲሰረቅ ገንዘብም ተከትሎት እንዳይሄድ፦ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

የእጅ ስልክ አምራቾች ስርቆትን ለመከላከል የመረጡት ዋና መንገድ፣ የተሰረቀው ቀፎ ለሌባው እንዳይጠቅም አድርጎ መሥራት ነው። አፕል እ.ኤ.አ. በ2013 ያለ ባለቤቱ የይለፍ ቃል ዳግም ሥራ የማይጀምር አይፎን አቀረበ፤ አንድሮይድም በ2015 ተመሳሳይ መቆለፊያ አገኘ። እነዚህ መከላከያዎች የሚጠብቁትም የማይጠብቁትም ነገር አለ፤ ብዙ ሰው የሚጎዳውም ይህን ለይቶ ባለማወቁ ነው።

የመጀመሪያው ስህተት የስክሪኑ ቁልፍ ሲም ካርዱንም ይጠብቃል ብሎ ማመን ነው። ሌባው ቀፎውን መክፈት ቢያቅተው እንኳ ሲሙን አውጥቶ በሌላ ስልክ ላይ ካስገባው፣ ከባንክ በአጭር መልእክት የሚላከው የማረጋገጫ ቁጥር በቀጥታ እጁ ይገባል። መፍትሔው በስልኩ ቅንብር ውስጥ ሲሙን በሚስጥር ቁጥር መቆለፍ ነው። ቁጥሩ 3 ጊዜ ከተሳሳተ ሲሙ ይዘጋና ባለ 8 አሃዝ የመክፈቻ ቁጥር ይጠይቃል፤ ስለዚህ ሲሙ ሲገዛ አብሮት የመጣውን፣ ይህ ቁጥር የተጻፈበትን ካርድ መጣል አይገባም።

ሁለተኛው፣ በአገራችን እጅግ የተለመደው፣ አዲስ ስልክ ሲገዛ የጉግል መለያውን ሻጩ እንዲከፍትልን መተው ነው። የይለፍ ቃሉን የማያውቅ ገዢ ስልኩ ቢሰረቅበት ከርቀት ሊቆልፈው አይችልም፤ ሻጩ ግን ይችላል። መለያውን ራስዎ ይክፈቱ። ያገለገለ ስልክ ሲገዙም ሻጩ መለያውን ፊት ለፊትዎ ሳያስወጣ ገንዘብ አይክፈሉ።

የስልኩንና የቴሌብሩን ሚስጥር ቁጥር አንድ ማድረግም አደገኛ ነው። ታክሲ ውስጥ ቁጥሩን አጮልቆ ያየ ሌባ ስልኩን ሲነጥቅ ሁለቱንም ያገኛል። አፕል ይህን ዓይነቱን ስርቆት ለመግታት በጃንዋሪ 2024 ባወጣው ማሻሻያ፣ ባለቤቱ ከሚያዘወትረው ቦታ ውጭ የመለያውን የይለፍ ቃል መቀየር የፊት ወይም የጣት አሻራ ማረጋገጫና የአንድ ሰዓት ቆይታ እንዲጠይቅ አድርጓል። አይፎን ያለው ሰው ይህ መከላከያ ሥራ ላይ መሆኑን በቅንብሩ ውስጥ ሊያረጋግጥ ይገባል።

ከሁሉም በላይ የሚያሳዝነው ግን ከስርቆቱ በኋላ የሚፈጸመው ስህተት ነው። መቆለፊያው ስለሠራ ሌባው ወደ ባለቤቱ ይዞራል፤ «ስልክዎ ተገኝቷል» የሚል መልእክት ከማስፈንጠሪያ ጋር ይልካል። በዚያ ገጽ ላይ የይለፍ ቃሉን የጻፈ ሰው፣ ወይም እየተለመነ አሊያም እየተዛተበት ስልኩን ከመለያው የሰረዘ ሰው፣ መሐንዲሶች የዘጉትን በር በገዛ እጁ ይከፍታል። ስልኩ ባይመለስም ከመለያው አይሰርዙት።

በመጨረሻም መዘግየት አለ። ስልኩ እንደጠፋ ከሌላ ስልክ ለኢትዮ ቴሌኮም በ994 ደውሎ ሲሙን ማዘጋት፣ ቀጥሎም ለባንክ ማሳወቅ ያስፈልጋል። *#06# ሲደወል የሚታየውን ባለ 15 አሃዝ የቀፎ መለያ ቁጥር ደግሞ ዛሬውኑ በወረቀት ላይ ጽፈው ቤት ያስቀምጡ፤ ለፖሊስ ሲያመለክቱ ቀፎው የእርስዎ መሆኑን ለማሳየት ይረዳዎታል።