አዲስ አበባ ላሉ እናት የተከፈለ የሕክምና ወጪ፦ ከአሜሪካ ታክስ የሚቀነሰው መቼ ነው?

ደረሰኝ ከመሰብሰብዎ በፊት እናትዎ በአሜሪካ ሕግ ምን እንደሆኑ ይወቁ። የአሜሪካ ዜጋ ናቸው? ግሪን ካርድ አላቸው? ወይስ በዚያ ዓመት ለታክስ ሲባል የአሜሪካ ነዋሪ ሆነው ይቆጠራሉ? ከሦስቱ አንዱም ከሌለ፣ ሚሊዮን ብር ቢከፍሉም ከታክስዎ አይቀነስም። ሕጉ ከዚህ ውጭ የሚፈቅደው ለካናዳና ለሜክሲኮ ነዋሪዎች ብቻ ነው። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፤ «የማስተዳድራቸው እኔ ነኝ» ማለት ብቻውን አይበቃም።

ሁለተኛው መስፈርት፣ በዓመቱ ከወጣላቸው መተዳደሪያ ከግማሽ በላይ የሸፈኑት እርስዎ መሆንዎ ነው። እናት በራሳቸው ቤት የሚኖሩ ከሆነ ቤቱ ቢከራይ የሚያወጣው ገንዘብ እሳቸው ለራሳቸው እንዳወጡት ይታሰባል፤ ይህን ዘንግቶ ስሌቱ የሚፈርስበት ሰው አለ። ለዲፔንደንት (በታክስ ፎርም ላይ ጥገኛ ተብሎ ለሚመዘገብ ሰው) የተቀመጠው የገቢ ጣሪያ (ለ2025 5,200 ዶላር) ግን ለሕክምና ወጪ አይሠራም። አማትም እንደ እናት ይቆጠራሉ። የአክስት ልጅ ግን ዓመቱን ሙሉ ከእርስዎ ጋር ካልኖረ አይገባም።

ወንድምና እህት ተጋግዛችሁ የምትጦሩ ከሆነና ማንም ብቻውን ከግማሽ በላይ ካልሸፈነ፣ ፎርም 2120 አለ። ከ10 በመቶ በላይ ካዋጡት አንዱ ይመረጣል፣ ከ10 በመቶ በላይ ያዋጡት ሌሎቹ በጽሑፍ ይለቁለታል። የተመረጠው ሰው የሚቀንሰው ራሱ የከፈለውን ሕክምና ብቻ ነው፤ ሌላው የከፈለው ለማንም አይቀነስም። ስለዚህ የሆስፒታሉን ሂሳብ እሱ ይክፈል፣ ሌሎቹ ቀለቡንና የሠራተኛ ደመወዙን ይያዙ።

ገንዘቡ በቀጥታ ወደ ሆስፒታሉ ሒሳብ ቢገባ ይመረጣል። በዘመድ በኩል ከሄደ የሐዋላው ወረቀትና የሆስፒታሉ ደረሰኝ በቀንና በመጠን ይገናኙ። የደረሰኙ ቀን ደግሞ በእኛ አቆጣጠር ስለሚሆን ይጠንቀቁ፦ የ2025 የታክስ ዓመት ከታኅሣሥ 23 ቀን 2017 እስከ ታኅሣሥ 22 ቀን 2018 ነው። ሕክምናው ኅዳር 2018 ተሰጥቶ ክፍያው ጥር 2018 ላይ ከሆነ ወጪው የ2026 ነው። ብሩን ወደ ዶላር የሚመልሱት በተከፈለበት ቀን ምንዛሪ ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ምንዛሪው ለገበያ ከመለቀቁ በፊት ዶላር 57 ብር ገደማ ነበር፤ ብዙም ሳይቆይ ከ100 አለፈ። 300,000 ብር በፊት ከ5,200 ዶላር በላይ ነበር፣ በኋላ 3,000 እንኳ አይሞላም። ደረሰኙን ከታክስ ፎርሙ ጋር አይልኩም፤ ከእንግሊዝኛ ትርጉሙ ጋር ቢያንስ ሦስት ዓመት ያስቀምጡት።

የሐኪም፣ የላቦራቶሪ፣ የቀዶ ሕክምና ክፍያ ይገባል። በሐኪም ትእዛዝ እዚያው ተገዝቶ እዚያው የተወሰደ መድኃኒትም፣ በሁለቱም አገር ሕጋዊ ከሆነ፣ ይገባል። ለሕክምና ብለው ሌላ አገር ከሄዱ የአውሮፕላን ትኬቱ፣ ለሆቴል በአዳር እስከ 50 ዶላር፣ ብቻቸውን መጓዝ ካልቻሉ የአስታማሚያቸውም እንደዚሁ። የሆቴል ምግብ አይገባም። ሐኪም ለታወቀ በሽታ ካላዘዘው ቪታሚንም አይገባም። ቤት ውስጥ ነርስ ቢቀጠር ይያዛል፣ ምግብ የምታበስለው ሠራተኛ ደመወዝ ግን አይያዝም። ማኅበሩ ወይም ዕድሩ አዋጥቶ የሸፈነውንም የእኔ ወጪ ነው ማለት አይቻልም።

አሁን ሒሳቡ። ባልና ሚስት በ2025 የተስተካከለ ገቢያቸው 100,000 ዶላር ነው እንበል። ከሕክምና ወጪ የሚቀነሰው ከገቢው 7.5 በመቶ፣ ማለትም ከ7,500 በላይ ያለው ብቻ ነው። የራሳቸውና የእናት ወጪ 16,000 ከሆነ ስኬጁል ኤ (ተቀናሽ ወጪዎች ተዘርዝረው የሚጻፉበት ቅጽ) ላይ የሚቀረው 8,500 ነው። የቤት ብድር ወለድ 15,000፣ የስቴትና የንብረት ታክስ 10,500 ሲጨመር 34,000 ይሆናል። ያለ ምንም ደረሰኝ የሚሰጠው ስታንዳርድ ዲዳክሽን ግን 31,500 ነው፣ ከሁለቱ የሚወሰደው ደግሞ አንዱ ብቻ ነው፤ ትርፉ 2,500፣ በ12 በመቶ 300 ዶላር። ቤት የሌለው ተከራይ ብዙ ጊዜ ምንም አያገኝም።

ኤችኤስኤ (ለሕክምና ወጪ ከታክስ ነፃ ገንዘብ የሚቀመጥበት ሒሳብ) ያለው ሰው ግን የተሻለ መንገድ አለው። መስፈርቱን ላሟሉ እናት ከኪስ ከከፈሉ በኋላ ያንኑ ያህል ከኤችኤስኤ ማውጣት ይቻላል፤ 7.5 በመቶውን ማለፍም ሆነ ስኬጁል ኤ መሙላት አይጠየቅም። አንዱን ወጪ ሁለቱም ቦታ መጻፍ ክልክል ነው። የዜግነት ወይም የነዋሪነት መስፈርቱን ለማያሟሉ እናት ካወጡት ደግሞ ገቢ ሆኖ ታክስ ይታሰብበታል፣ 65 ዓመት ካልሞላዎትም 20 በመቶ ቅጣት ይጨመርበታል።