የፋይ ቴታ ካፓ ግብዣ ሲደርሳችሁ፦ ከአባልነት እስከ መምህር ጥቆማ

ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ ገብታችሁ የመጀመሪያዎቹን ኮርሶች በጥሩ ውጤት ስትጨርሱ «እንኳን ደስ አላችሁ፣ ለአባልነት ተመርጣችኋል» የሚል ደብዳቤ ወይም ኢሜይል ሊደርሳችሁ ይችላል። ላኪው ፋይ ቴታ ካፓ ከሆነ አትጣሉት። እዚህ ሜሪላንድና ቨርጂኒያ ከማውቃቸው የእኛ ልጆች ብዙዎቹ፣ አንዳንዱ ማጭበርበሪያ መስሎት፣ አንዳንዱ ገንዘብ ስለተጠየቀበት፣ ሳያነበው ይተወዋል። ይህ ከልቤ ያሳዝነኛል። እኔ በዚህ ማኅበር አልፌ ነርሲንግ ተምሬያለሁ፤ በኮሌጃችን ቅርንጫፍም አዲስ አባላትን የመቀበል ኃላፊነት ነበረኝ። አሁንም የዘመድና የጎረቤት ልጆች ደብዳቤውን ይዘው ይመጣሉ፤ የምነግራቸውም የሚከተለውን ነው።

መጀመሪያ ማኅበሩ ምን እንደሆነ እወቁ። ፋይ ቴታ ካፓ የሁለት ዓመት ኮሌጅ ተማሪዎች የክብር ማኅበር፣ ማለትም ከፍተኛ ውጤት ያመጡ ተማሪዎች የሚጋበዙበት ማኅበር ነው። የተመሠረተው እ.ኤ.አ. በ1918 በሚዙሪ ግዛት ነው፤ በ1929 ደግሞ የአሜሪካ ጁኒየር ኮሌጆች ማኅበር የሁለት ዓመት ኮሌጆች ይፋዊ የክብር ማኅበር አድርጎ ተቀበለው። ዋና መሥሪያ ቤቱ ሚሲሲፒ ውስጥ ጃክሰን ከተማ ይገኛል። በስም ከሚመሳሰለው ከፋይ ቤታ ካፓ ጋር አታምታቱት፤ በ1776 የተመሠረተውና ስሙ የገነነው ያ ሌላ የክብር ማኅበር የአራት ዓመት ዩኒቨርሲቲዎች ነው፤ ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ ያለ ተማሪ አይገባበትም። ስለዚህ ቀን ሠርቶ ማታ ለሚማር፣ ልጅ እያሳደገ ለሚማር ተማሪ የትምህርት ትጋቱን በይፋ የሚመሰክርለት ይህ ማኅበር ነው።

ወላጆች የማኅበሩ ስም የተሠራባቸውን የግሪክ ፊደሎች ሲያዩ በፊልም ያዩት፣ በእንዲህ ዓይነት ፊደሎች የሚጠራ የተማሪዎች የመጠጥና የጭፈራ ቤት ትዝ ይላቸዋል። ይህ ያ አይደለም። አብሮ የሚኖሩበት ቤት የለውም፤ መግቢያው የትምህርት ውጤት ነው፤ ስብሰባውም የሚካሄደው በኮሌጁ ክፍሎች ውስጥ ነው።

ጥርጣሬያችሁን ግን አልነቅፍም። ለማንም ለምንም ግብዣ እየላኩ ገንዘብ የሚሰበስቡ፣ ኮሌጁ ውስጥ አንድም ሰው የሌላቸው «የክብር ማኅበራት» አሉ። ስለዚህ ኢሜይሉ ላይ ያለውን ማስፈንጠሪያ ሳትነኩ ወደ ኮሌጃችሁ የተማሪዎች ጉዳይ ቢሮ ሂዱና ሦስት ነገር ጠይቁ፦ የዚህ ማኅበር ቅርንጫፍ እዚህ አለ ወይ? አማካሪ መምህሩ ማን ናቸው? ለአባልነት የሚጠየቀው አማካይ ውጤት ስንት ነው? እውነተኛው ማኅበር በየኮሌጁ የራሱ ቅርንጫፍ፣ በኮሌጁ የተመደበ አማካሪና በተማሪዎች የተመረጡ አመራሮች አሉት። የሜሪላንዱ ሞንትጎመሪ ኮሌጅም ሆነ ኖቫ የሚባለው የሰሜን ቨርጂኒያ ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ ቅርንጫፍ አላቸው። የአማካሪውን ስም የሚነግራችሁ ሰው ካጣችሁ ገንዘባችሁን በኪሳችሁ አቆዩት።

ወደ ውጤቱ እንምጣ። አብዛኞቹ ቅርንጫፎች የሚጠይቁት ቢያንስ 12 ክሬዲት ጨርሶ 3.5 አማካይ ውጤት ማምጣት ነው፤ ከገቡ በኋላ አባልነትን ለማቆየት የሚፈለገው ውጤት ከዚያ ጥቂት ዝቅ ይላል፤ መጠኑን ቅርንጫፉ ይወስናል። ከአገር ቤት ይዛችሁት የመጣችሁት ትራንስክሪፕት ብዙውን ጊዜ ክሬዲት ያስገኝላችሁ እንደሆነ እንጂ አማካይ ውጤታችሁ ውስጥ አይገባም፤ የእንግሊዝኛ ቋንቋ መሰናዶ ኮርሶችም ለዲግሪ ካልተቆጠሩ ከ12ቱ ላይደመሩ ይችላሉ። ይህን ከአማካሪው አረጋግጡ።

ስሌቱን ደግሞ ራሳችሁ ሥሩት። ኤ 4 ነጥብ፣ ቢ 3 ነጥብ ነው፤ ነጥቡ በኮርሱ ክሬዲት ይባዛል። አንዲት ተማሪ ባለ 4 ክሬዲት አናቶሚና እያንዳንዳቸው ባለ 3 ክሬዲት የሆኑ እንግሊዝኛ፣ ሒሳብና ሳይኮሎጂ ወሰደች እንበል፤ በድምሩ 13 ክሬዲት ነው። ሁለት ኤ፣ ሁለት ቢ አመጣች። አንዱ ቢ አናቶሚ ላይ ከወደቀ ድምሩ 45 ነጥብ፣ አማካዩ 3.46 ይሆናል፤ አልገባችም። አናቶሚን ኤ አምጥታ ሁለቱን ቢ ከሌሎቹ ብታገኝ ግን ድምሩ 46፣ አማካዩ 3.54 ነው፤ ገባች። የነርሲንግና የጤና ተማሪዎች ይህን ልብ በሉ፤ ቤተ ሙከራ ያለው ኮርስ ሚዛኑ ከባድ ነውና የጥናት ሰዓታችሁን ስታከፋፍሉ ለእሱ አድሉ።

ክፍያው አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ በየዓመቱ አይታደስም። ለዋናው መሥሪያ ቤት ከሚከፈለው በተጨማሪ የማኅበሩ የአካባቢ ክፍልና የኮሌጁ ቅርንጫፍ የየራሳቸውን ስለሚጨምሩ መጠኑ ከኮሌጅ ኮሌጅ ይለያያል። ገንዘቡ ከከበዳችሁ ለአማካሪው በግልጽ ንገሩ። ለችግረኛ ተማሪ ክፍያውን የሚሸፍኑበት መንገድ የሚፈልጉ ቅርንጫፎች አሉ፤ ሳይጠየቁ ግን ማን እንደቸገረው አያውቁም። መጠየቅ ነውር የለውም።

የአቀባበል ሥነ ሥርዓቱን «ሥራ አለብኝ» ብላችሁ አትለፉት። ስማችሁ ይጠራል፣ በብዙ ቅርንጫፎች ሻማ ይበራል፣ ቃል ትገባላችሁ። ወላጆቻችሁን ይዛችሁ ሂዱ። በሁለት ሥራ ያስተማረች እናት የልጇ ስም በአዳራሽ ሲጠራ መስማት ይገባታል።

አሁን ዋናው ጉዳይ መጣ። ስማቸውን አስመዝግበው ተመልሰው የማይታዩ አባላት ብዙ ናቸው፤ እነሱ ያገኙት የምስክር ወረቀት ብቻ ነው። ጥቅሙ ያለው ከዚያ ወዲያ ነው። ብዙ የአራት ዓመት ዩኒቨርሲቲዎች ለፋይ ቴታ ካፓ አባላት ብቻ የተለየ የትራንስፈር ስኮላርሺፕ አላቸው፤ ወደምትዛወሩበት ዩኒቨርሲቲ የመግቢያ ቢሮ ደውላችሁ በስሙ ጠይቁ። ኦል ዩኤስኤ ለተባለው የላቁ ተማሪዎች ስብስብ ደግሞ ዕጩ የሚያቀርበው ኮሌጁ ራሱ ነው፤ ስለዚህ በመከር ሴሚስተር መጀመሪያ ላይ አማካሪውን አግኝታችሁ ፍላጎታችሁን አሳውቁ።

እነዚህ ማመልከቻዎች ሁሉ ከውጤት ሌላ «ለማኅበረሰብህ ምን አገልግሎት ሰጥተሃል?» ይላሉ። ልጆቻችን የሚቆሙት እዚህ ላይ ነው። አንዲት የአክስቴ ልጅ ቅጹን ባዶ አድርጋ ይዛልኝ መጣች።

«አገልግሎት የሚባል ነገር የለኝም» አለችኝ።

«እሑድ ከቅዳሴ በኋላ የት ነው የምትውዪው?»

«ሰንበት ትምህርት ቤት ነኛ፤ ለትንንሾቹ ፊደል አስተምራለሁ።»

«እትዬን ሐኪም ቤት ማን ነው የሚወስዳቸው?»

«እኔ ነኝ፤ ለእሳቸውም ለጎረቤታችንም አስተረጉማለሁ።»

«ታዲያ ይህ ምንድን ነው?»

ዝም አለች። ለእሷ ይህ ግዴታ እንጂ ወረቀት ላይ የሚሰፍር ነገር አልነበረም። አብረን ጻፍነው፦ አሜሪካ ተወልደው አማርኛ ማንበብ የማይችሉ ሕፃናትን ከ«ሀ» ጀምራ እንደምታስተምር፣ ዕድሜያቸውን፣ በሳምንት ስንት ሰዓት እንደምታውል፣ አሁን ከመካከላቸው ስማቸውን በፊደል የሚጽፉ እንዳሉ፣ ምስክር የሚሆናት ሰው ማን እንደሆነ። «ሕዝቤን መርዳት እወዳለሁ» የሚል ዓረፍተ ነገር አላስገባንም፤ የሠራችው ሥራ ራሱ ይናገራል። እናንተም የሰንበት ትምህርት ቤቱን፣ የመስጊዱን፣ የዕድሩን፣ ለሽማግሌ ቅጽ መሙላቱን አውጡና ቁጠሩ። የሠሩትን በልኩ መናገር ጉራ አይደለም።

የመጨረሻው፣ እኔ ከሁሉ የማስበልጠው፣ መምህርን ማክበር ነው። ማኅበሩ የሚሸልመው ተማሪን ብቻ አይደለም፤ ለአማካሪ መምህራንና ለኮሌጅ ፕሬዚዳንቶች የተለዩ ሽልማቶች አሉት፤ ቅርንጫፎችና ኮሌጆችም ለጎበዝ መምህራን በየራሳቸው ዕውቅና ይሰጣሉ። ጥቆማውን የሚጽፈው ብዙ ጊዜ ተማሪ ነው። እኛ ደግሞ መምህርን የቀለም አባት ብለን ያደግን ነን፤ ከማንም ቀድመን መጻፍ የሚገባን እኛ ነበርን።

ስትጽፉ «ደግ፣ ታጋሽ፣ ምርጥ መምህር ናቸው» ብላችሁ አትጀምሩ፤ እንዲህ የማይል ጥቆማ የለም። አንድ ያደረጉትን ነገር ያዙ። እኔ ስለ ስታቲስቲክስ መምህሬ የጻፍኩት ይህን ነበር፦ ስሌቱን እችለው ነበር፤ ነጥብ የሚያስጥለኝ ጥያቄው በረጅም ዓረፍተ ነገር ሲቀርብ ነው። መምህሩ ሁለት ፈተናዎቼን ጎን ለጎን ዘርግተው ይህን አዩ። ከዚያ በየሳምንቱ ከክፍል በኋላ ስሌት የሌለባቸው ጥያቄዎች ብቻ ይሰጡኝ ጀመር፤ ሥራዬ የተሰጠውን ቁጥር አንዴ፣ የተጠየቀውን ነገር ሁለቴ ማስመር ብቻ ነበር። በሴሚስተሩ መጨረሻ ውጤቴ ምን እንደሆነ ጨመርኩ፤ አበቃሁ። አንድ ገጽ አልሞላም።

የኮርሱን ስምና ቁጥር፣ የተማራችሁበትን ሴሚስተር አትርሱ። ከሌላ ክፍል የተማረ ጓደኛ ካለ የራሱን እንዲጽፍ አድርጉ፤ ሁለት ተማሪ በየራሱ ቃል ሲመሰክር ኮሚቴው ያምናል። በተለይ በየሴሚስተሩ ኮንትራት የሚቀጠሩ መምህራንን አስቡ። ማታ የሚያስተምሩን ብዙዎቹ እነሱ ናቸው፤ ቋሚ ቢሮ እንኳን የሌላቸው አሉ፤ ለሚቀጥለው ሴሚስተር ሲታሰቡ ተማሪ የጻፈው ደብዳቤ ሊረዳቸው ይችላል። ስጦታ ገዝታችሁ አትውሰዱ፤ ኮሌጆች በዚህ ላይ ደንብ ስላላቸው መምህሩን ታስጨንቃላችሁ። ደብዳቤውን ለአማካሪው አስገቡ፣ አንድ ቅጂ ለትምህርት ክፍሉ ኃላፊ ላኩ፣ ሌላውን ፈርማችሁበት ለመምህሩ በእጃቸው ስጡ፤ ሽልማቱን አገኙም አላገኙም።