የጨው ውሃ ስፓ ኤለመንት ለምን ደጋግሞ ይቃጠላል?

ኤለመንት ማለት በስፓው (በሙቅ መታጠቢያ ገንዳው) ሂተር ውስጥ ውሃውን የሚያሞቀው ብረት ነው። አንድ ኤለመንት ቢቃጠል የአጋጣሚ ነው ይባላል። አዲሱም ዓመት ሳይሞላው ከተቃጠለ ግን ጥፋቱ የዕቃው አይደለም። ያቃጠለው ነገር ውሃው ውስጥ፣ ፓምፑ ጋ ወይም ሽቦው ላይ አሁንም አለ። ሦስተኛውን ከማዘዛችሁ በፊት የተቃጠለውን አትጣሉት። ቴክኒሻን ከቀየረላችሁም "አሮጌውን ተውልኝ" በሉት። ምን እንዳጠፋው ራሱ ያሳያል።

መጀመሪያ ብሬከሩን አጥፉ። ስፓው ላይ ያለውን ቁልፍ መጫን ብቻ አይበቃም። አሜሪካ ውስጥ ግቢ ላይ የሚተከሉት ስፓዎች በብዛት 240 ቮልት ናቸው፤ ከውሃ ጋር ሲገናኝ ቀልድ አያውቅም። የኤሌክትሪክ ሥራ ካልለመዳችሁ ባለሙያ ይክፈተው፣ እናንተ አጠገቡ ቆማችሁ እዩ።

ሂተሩ ሲነሳ ብሬከሩ ይወርዳል

የኤለመንቱን ሁለት ሽቦዎች ፍቱና በቴስተር ለኩ። 5.5 ኪሎዋት፣ 240 ቮልት የሆነ ኤለመንት በሁለቱ ጫፎቹ መካከል 10.5 ኦም አካባቢ ማሳየት አለበት። ምንም ካላነበበ ውስጡ ተበጥሷል። ቀጥሎ ከአንዱ ጫፍ ወደ ብረት ቱቦው ለኩ። እዚህ ምንም ማንበብ የለበትም። ካነበበ ሽፋኑ ተበስቶ ውሃ ገብቶበታል። ሁለቱም ልኬት ደህና ሆኖ፣ ሂተሩ ተነቅሎም ብሬከሩ ከወረደ ግን ኤለመንቱን ተዉት፤ ችግሩ ሌላ ቦታ ነው።

አሁን አውጥታችሁ በደንብ እዩት።

ነጭ ቅርፊት ጋግሯል

ማንቆርቆሪያ ውስጥ የሚጋገረው ነጭ ነገር ነው፣ ካልሲየም። የጨው ስፓ ላይ የሚብሰው ያለ ምክንያት አይደለም። የጨው ሴሉ (ከጨው ውሃው በኤሌክትሪክ ክሎሪን የሚሠራው ክፍል) ክሎሪን ሲያመርት የውሃው ፒኤች (የአሲድነት መለኪያው፤ ሲወርድ ውሃው አሲድ ይሆናል) ከፍ ይላል። ጄቶቹ (ውሃ በግፊት የሚረጩት ቀዳዳዎች) የሚያስገቡት አየር ደግሞ ካርቦን ዳይኦክሳይዱን ያስወጣና ጭራሽ ይጨምረዋል። ካልሲየም ውሃው በጣም የሚሞቅበት ቦታ ላይ መጋገር ይወዳል፤ እሱም ኤለመንቱ ነው። ቅርፊቱ ሲወፍር ሙቀቱ ወደ ውሃው መውጣት ያቅተዋል፣ ብረቱ ከውስጥ ይግላል፣ በመጨረሻም ይሰነጠቃል።

መፍትሄው ፒኤችን ቢያንስ በሳምንት አንዴ ለክቶ ከ7.2 እስከ 7.8 ባለው መካከል መያዝ ነው። አልካሊኒቲው (ውሃው የፒኤች ለውጥን የሚቋቋምበት አቅም) ከፍ ካለ ፒኤቹን ወደ ላይ ይጎትተዋልና እሱንም አውርዱ። ስፓው ውስጥ ሰው ከሌለ የአየር ቫልቮቹን ዝጉ። ላስ ቬጋስ የምትኖሩ ሐበሾች ደግሞ ከውሃው ራሱ ጀምሩ። ከኮሎራዶ ወንዝ የሚመጣው የቧንቧ ውሃችሁ ጥንካሬ (የሟሟው ካልሲየምና ማግኒዥየም መጠን) 280 ፒፒኤም (ሚሊግራም በሊትር) አካባቢ ነው። ቤታችሁ የውሃ ማለስለሻ ካለ ስትሞሉ ከሱ ቀላቅሉ። ምን ያህል ካልሲየም ይኑር ለሚለው የሴሉን መመሪያ እመኑ፤ አንዳንዱ ሲስተም ከተለመደው በጣም ያነሰ ይፈልጋል።

በመርፌ የተወጋ ይመስላል፣ ቡናማ ወይም አረንጓዴ እድፍ አለው

ይህ ዝገት ነው። ፒኤቹ በጣም ወርዷል፣ ክሎሪኑ በዝቷል ወይም ጨው በዝቷል። ሲያትል ላይ ከተራራ የሚመጣው ውሃ ለስላሳ ነው። ካልሲየም ባይጋግርም አልካሊኒቲው ዝቅተኛ ስለሆነ ትንሽ አሲድ ስታበዙበት ፒኤቹ ዘጭ ይላል።

ብዙ ሰው የሚሸወደው ግን ጨው ላይ ነው። ስክሪኑ "ጨው አንሷል" ሲል ወዲያው ከረጢቱ ይቀደዳል። ሴሉ ሲቆሽሽ ወይም ውሃው ሲቀዘቅዝም እኮ ያንኑ ይላል! ውሃ ይተናል፣ ጨው ግን እዚያው ይቀራል። ስለዚህ ከመጨመራችሁ በፊት በመለኪያ ወረቀት አረጋግጡ፣ ሴሉንም አጽዱ። ክዳኑ ተዘግቶ የሚሰነብት ከሆነ የክሎሪን ምርቱን ዝቅ አድርጉት፤ መውጫ ስለሌለው ይከማቻል።

የስፓውን የብረት ክፍሎች እርስ በርስ የሚያገናኘውን፣ ቦንዲንግ የሚባለውን ባዶ የመዳብ ሽቦም እዩት። ላልቶ ወይም አረንጓዴ ሆኖ ከሆነ አጽዱና አጥብቁት። በጨው ውሃ ውስጥ የተለያዩ ብረቶች ሲገናኙ አንደኛው ሌላውን ይበላል።

ለዝገት የሚበጀው ኤለመንት ቲታኒየም ነው። ዋጋው ወደድ ይላል፣ ለጨው ስፓ ግን ያዋጣል። "ከእንግዲህ አይበላሽም" የሚላችሁን ሻጭ ግን አትመኑ። ቅርፊት ቲታኒየምንም ያቃጥላል፤ ያለ ውሃ መሥራትም እንደዚያው።

አንድ ቦታ ላይ ብቻ ጠቁሯል ወይም ተቀዷል

ያለ በቂ ውሃ ሠርቷል ማለት ነው። ፊልተሩን አውጥታችሁ ፓምፑን አስነሱት። ስክሪኑ ላይ ያለው የፍሰት ስህተት ኮድ ከጠፋ ጥፋቱ የፊልተሩ ነው፤ እጠቡት ወይም ቀይሩት። ውሃ ቀይራችሁ ገና ከሞላችሁ ደግሞ ፓምፑ ውስጥ አየር ታፍኖ ይሆናል። ፓምፑን አጥፉና የቧንቧ መጋጠሚያውን በትንሹ ፍቱት፤ እስስ ብሎ አየሩ ወጥቶ ውሃ ሲመጣ አጥብቁት። በሚቀጥለው ጊዜ የውሃ ጎማውን ፊልተሩ በሚቀመጥበት ቀዳዳ አስገብታችሁ ሙሉ።

ውሃ ሳይፈስ ሂተሩ እንዳይሠራ የሚያቆመውን የፍሰት ወይም የግፊት ስዊችም ተመልከቱ። "ይሥራ ብቻ" ብሎ ሁለቱን ጫፍ በቁራጭ ሽቦ አገናኝቶ የሚሄድ ሠራተኛ አለ። ያ ሽቦ ካለ ኤለመንት መቀየር ገንዘብ መጣል ነው። አውጡትና ስዊቹን ቀይሩ።

ኤለመንቱ ንጹሕ ነው፣ የሽቦው ጫፍ ግን ቀልጧል

ኤለመንቱ ላይ ምንም የለም፤ የላላ ብሎን ነው። ሽቦው የተቃጠለበትን ጫፍ ቁረጡና አዲስ ተርሚናል ግጠሙለት። ስታጠብቁ የታችኛውን ዳዶ በአንድ ቁልፍ ይዛችሁ የላይኛውን በሌላ አዙሩ። ሁለቱም አብረው ከዞሩ ማሸጊያው ይላላና ማንጠባጠብ ይጀምራል። የሂተሩ ቱቦ ከውጭ ነጭ የጨው ዱካ ካለው ቀድሞም እያንጠባጠበ ነው፤ ጋስኬቱን ቀይሩ።

አዲሱን ስታዙ ቮልቱን፣ ኪሎዋቱንና ርዝመቱን ከአሮጌው ጋር አመሳክሩ። ከገጠማችሁ በኋላ ስፓውን ሙሉና መጋጠሚያዎቹ ደረቅ መሆናቸውን እዩ፤ ብሬከሩን የምታበሩት ከዚያ ነው። የፒኤች ልኬታችሁን ከነቀኑ ጻፉት፣ አሮጌውንም ፎቶ አንሱት። አብዛኛው አምራች በውሃ ኬሚስትሪ የመጣ ብልሽትን በዋስትና አይሸፍንም፤ ስትጠይቁ በእጃችሁ ያለው ማስረጃ ይኸው ነው።