ከፍ ያለ ጭነት ይዞ በድልድይ ስር እንዴት በሰላም ይታለፋል?

መሀል አዲስ አበባ ላይ ከመኪና ጣሪያ በላይ ያለው ነገር ብዙ ነው። በ2008 ዓ.ም. መስከረም ሥራ የጀመረው ቀላል ባቡር ከስታዲየም በለገሃርና በሜክሲኮ አድርጎ እስከ ልደታ የሚሄደው ድልድይ ላይ ነው። ጎተራ ማሳለጫው አለ፣ ቀለበት መንገድ ላይ የእግረኛ ድልድዮች አሉ፣ ውስጥ ለውስጥ ስትገቡ ደግሞ ዝቅ ብሎ የተንጠለጠለ ሽቦ። ታዲያ ብዙ ሹፌር ስንት ኩንታል እንደጫነ ሲጠየቅ ወዲያው ይመልሳል፤ ቁመቱን ስትጠይቁት ግን «ኧረ ያልፋል፣ ሁሌ የማልፍበት ነው» ይላል። መንገዱ ያው ሊሆን ይችላል። የዛሬው ጭነት ግን የትናንቱ አይደለም።

ስለዚህ መጀመሪያ ለኩ። ከተጫነ በኋላ፣ ከመነሳታችሁ በፊት፣ ሜዳ ቦታ ላይ አቁማችሁ። አንድ ቀጥ ያለ ሞራሌ (ረጅም የግንባታ እንጨት) የጭነቱ ከፍተኛ ቦታ ላይ አግድም አድርጉና ጫፉን ወደ ጎን አውጡት፤ ከዚያ ጫፍ እስከ መሬት በአናጢ ሜትር ለኩ። ከፍተኛው ቦታ ሁልጊዜ የሚመስላችሁ ቦታ አይደለም። ኤስካቫተር ሲጫን የክንዱ መታጠፊያ ነው፣ ሸራ ሲለብስ ሸራውን የያዘው ብረት ነው። ቁጥሩን በወረቀት ጽፋችሁ ጋቢና ውስጥ ፊት ለፊታችሁ ለጥፉት። በቃል መያዝ አይበቃም፣ ሌሊት ሲደክማችሁ ይጠፋል።

ኮንቴነር ላይ በተለይ ተጠንቀቁ። መደበኛው ቁመቱ 2.59 ሜትር ነው፣ ሃይ ኪዩብ የሚባለው ግን 2.90 ሜትር። የተሳቢው ወለል ከመሬት 1.5 ሜትር ከፍ ቢል የመጀመሪያው 4.09 ይመጣል፣ ሁለተኛው 4.40። ከሩቅ ሲታዩ ያው ናቸው፣ ልዩነታቸው ግን 31 ሳንቲ ሜትር ነው፤ ትናንት በመደበኛው ያለፋችሁበት ድልድይ ዛሬ በሃይ ኪዩብ ሊይዛችሁ ይችላል።

ሌላው ብዙ ሰው የሚረሳው ባዶ መመለስን ነው። ክብደት ሲወርድ ባሌስትራው (ጭነቱን የሚሸከመው የመኪናው ስፕሪንግ) ይነሳል፣ መኪናውም ከፍ ይላል። የከበደውን ኮንቴነር ይዛችሁ ለጥቂት ያለፋችሁበት ቦታ፣ ባዶውን ኮንቴነር ስትመልሱ ላያሳልፋችሁ ይችላል። እንደገና ለኩ።

ቀጥሎ መንገዱን ምረጡ። የስልክ ካርታ የሚመራችሁ በቤት መኪና ሂሳብ ስለሆነ ስለ ድልድይ ከፍታ አይነግራችሁም። አዲስ መንገድ ከሆነ ቀን ላይ በትንሽ መኪና ሄዳችሁ እዩት፣ ወይም በዚያ መስመር የሚሠራ ሹፌር ጠይቁ። በቀይ ክብ ውስጥ፣ ከላይና ከታች ሦስት ማዕዘን ያለበት ቁጥር ካያችሁ የከፍታ ገደብ ነው። ከዚያ ቁጥር ቢያንስ አንድ ስንዝር ዝቅ ካላላችሁ አትግቡ፤ እኔ በዚህ አልደራደርም። ምክንያቱም አሮጌ አስፋልት ላይ አዲስ ሲደረብ ክፍተቱ ይጠባል፣ ምልክቱ ግን የድሮውን ቁጥር ይዞ ሊቆይ ይችላል። በኮሪደር ልማቱ ደግሞ መሀል ከተማ ብዙ መንገድ ተቆፍሮ እንደ አዲስ ተሠርቷል፣ የድሮ ትዝታችሁን አትመኑ።

ድልድዩ ስር መንገዱ ጎድጎድ የሚል ከሆነ ረጅም ተሳቢ ላይ ሂሳቡ ይለወጣል፤ የፊቱ ጎማ መውጣት ሲጀምር የኋላው ገና ስላልወረደ መሀሉ ከፍ ብሎ ይቀራል። መንገዱ ወደ ጎን ያዘነበለ ከሆነም መኪናው ያጋድልና የላይኛው ጥግ ይመታል።

ከባድ መኪና ቀን ላይ መሀል ከተማ እንዳይገባ የሰዓት ገደብ ስላለ አብዛኛው ጉዞ ሌሊት ነው። መንገዱ ጭር ሲል ፍጥነት ያምራል፤ ድልድይ ሲቃረብ ግን ማርሽ ቀንሱ። ከተጠራጠራችሁ የአደጋ መብራት አብርታችሁ ቁሙ። ረዳቱ አንጸባራቂ ልብስ ለብሶ ይውረድና ከጎን ሆኖ ክፍተቱን ይመልከት፣ እናንተም በእርምጃ ፍጥነት ግቡ። ረዳት ጭነቱ ላይ ወጥቶ ሽቦ በእንጨት እንዲያነሳ በፍጹም አታድርጉ። ሰው ይሞታል።

የገልባጭ ሹፌሮች፣ አሸዋ ደፍታችሁ ስትነሱ ካሶኒው (የሚነሳው የጭነት ሳጥን) ሙሉ በሙሉ መውረዱን ወርዳችሁ በዓይናችሁ እዩ።

ከተያዛችሁስ? በጉልበት ወደፊትም ወደኋላም አትበሉ። መኪናውን አጥፉ፣ ጎማው ስር ታኮ አድርጉ፣ ከኋላ የሚመጣውን መኪና አስቁሙ፣ ፖሊስ ጥሩ። የጎማ ንፋስ መቀነስ ጥቂት ሳንቲ ሜትር ሊሰጥ ይችላል፣ ግን ባለሙያ ድልድዩን ካየ በኋላ ብቻ ነው የሚደረገው። የነካችሁት የኤሌክትሪክ ሽቦ ከሆነ ጋቢና ውስጥ ቆዩ፣ ሰውም አይጠጋችሁ። እሳት ተነስቶ መውጣት ግድ ከሆነ ሁለት እግራችሁን ገጥማችሁ ዝለሉ፣ መኪናውንና መሬቱን በአንድ ጊዜ አትንኩ፣ እግራችሁን ከመሬት ሳታነሱ እየጎተታችሁ ራቁ።

ድልድዩን ቧጥጣችሁ ብታልፉም «ምንም አልሆነም» ብላችሁ አትሂዱ። የባቡሩ ድልድይ ከሆነ ከላይ ሰው የጫነ ባቡር ያልፍበታል፣ ከታች ሆናችሁ ደግሞ ሐዲዱ ምን እንደሆነ ማየት አትችሉም። ለፖሊስ በ991 ደውሉና የትኛው ጣቢያ አጠገብ እንደሆነ፣ በየትኛው አቅጣጫ ስትሄዱ እንደነካችሁ ንገሯቸው።